«አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ»፦ ዕድገታቸው ስለዘገየ ሕፃናት ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ ሕፃናትን የማሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። «ልጄ ዘገየብኝ የምትሉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ልጁን በዓይኔ ሳላይ የበሽታ ስም አልሰጥም፤ ሌላውን ግን የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ «እማ» እንኳ አይልም። አማቴ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ፣ ተይው» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ በክፋት አላሉም። ግን ይህቺ «አባቱም» የምትባል ነገር ስንት ልጅ አስቀርታብናለች! መጀመሪያ የሚታየው አፉ ሳይሆን ጆሮው ነው። ዛሬ ማታ ጀርባውን ሰጥቶሽ ሲጫወት ከኋላው ሆነሽ ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪው። ቢዞርም አትርኪ፤ አንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላውን የማይሰማ ልጅ አለና በመሣሪያ ይመርመር። ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው «አባ መጣ» ብሎ ሁለት ቃል ያገናኛል። ከዚያ ቀድሞ ደግሞ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል። ያንቺው ያሳያል? ዓይንሽን ያያል? ሁለቱም ከሌሉ የልደቱን ቀን አትጠብቂ። «እንጥሉን አስቆርጪው» የሚል ከመጣ ግን በሩን ዝጊበት። እንጥል ንግግር አያዘገይም፤ የመቁረጡ ትርፍ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው።

ጥያቄ (ሰላ ድንጋይ)፦ ልጄ ዓመት ከአምስት ወሯ ነው፣ አትቆምም፤ እግሯም ደጋን መስሏል። ብርዱን ፈርቼ ከቤት አላወጣትም።

መልስ፦ ብርዱንስ እኔም አውቀዋለሁ። አብዛኛው ልጅ እስከ 18 ወር ብቻውን ይራመዳል። ትንሽ ደጋንነት በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፤ ከአለመቆም ጋር ሲመጣ ግን ሪኬትስን ያስጠረጥራል፣ ማለትም ከቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ። ተጠቅልላ የሞቀችው ፀሐይ አይቆጠርም፤ በመስታወት የገባም እንዲሁ። ረፋድ ላይ ነፋስ በማይነካው ጥግ እግርና እጇን ገልጠሽ አሙቂያት። ጠብታውን ከፋርማሲ ራስሽ ገዝተሽ አትስጪ፣ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ አሜሪካ ያለችው እህቴ ልጇን ቤቷ ድረስ እየመጡ ያሠሩላታል። እኛስ?

መልስ፦ እዚያ እንደ ፈረንጆቹ በ1986 የወጣ፣ ዕድገታቸው የዘገየ ሕፃናት እንዲረዱ የሚያዝ ሕግ አላቸው፤ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ነው። ወላጅ ራሱ ደውሎ ማስመዝገብ ይችላል፣ ምርመራው ነፃ ነው፣ ከተመዘገበ በ45 ቀን ውስጥ ሊያዩት ይገባል። እኛ ጋ 45 ቀን ሲባል የሚታወሰን ክትባት ነው። እስቲ እሱኑ እንጠቀምበት! በ45 ቀን፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ለመርፌ ስትሄጂ «ዕድገቱንም እዩልኝ» በይ። አራት ወር ላይ አንገቱን መቻል፣ ዘጠኝ ወር ላይ ሳይደገፍ መቀመጥ አለበት። ካልሆነ ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሪፈር አስጽፊ። ኦቲዝም ለተባለ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ጆይና ነህምያ የተባሉ ማዕከላት አሉ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ሲወለድ ታፍኖ ነበር። ስድስት ወሩ ነው፣ አንገቱን አልቻለም፤ ቀኝ እጁን ሁልጊዜ እንደጨበጠ ነው። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት በዚህ ሳምንት አምጪው። ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ልጅ «ግራኝ ነው» ተብሎ አይታለፍም። አንዲት ከባሶ የምትመጣ እናት የምታደርገውን ልንገርሽ። አጎዛ ታነጥፋለች፣ ጋቢ ጠቅልላ ከደረቱ ሥር ታደርጋለች፣ በሆዱ ታስተኛዋለች። ራሷ ፊት ለፊቱ በሆዷ ተኝታ ቡና እየተቆላ ታወራዋለች። መጀመሪያ ሰከንድ አይቆይም፣ ያለቅሳል፤ ታነሳዋለች፣ ቆይታ ትመልሰዋለች። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። እኔ በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ነው የማገኘው፤ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። የተጨበጠውን እጅ በግድ አትጎትቺ፤ አውራ ጣቱን ከሥሩ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ክፈቺና የሚዳስሰው ነገር ስጪው። ሌላው ማጋት ነው፤ በጀርባው አስተኝቶ ማጋት ምግቡን ወደ ሳንባው ይልከዋል። ቀና አድርገሽ፣ አገጩን ዝቅ አድርገሽ፣ በትንሽ በትንሹ።

ጥያቄ (አረርቲ)፦ ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ላስጠምቃት ነው፤ መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ አስጠምቂያት፣ መድኃኒቱም ከእጅሽ አይለይ። መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም በሽታው አብዝቶ ይጥላታል።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ በ32 ሳምንት ነው የተወለደችው፤ ከእኩዮቿ ወደኋላ ቀረች።

መልስ፦ ስምንት ሳምንት ቀንሰሽ ቁጠሪ። የስድስት ወር ልጅሽን ከአራት ወር ልጅ ጋር ነው የምታስተያያት፤ እስከ ሁለት ዓመቷ ድረስ እንዲህ ነው።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ቶሎ እንድትሄድ ዎከር ልግዛ? አንቀልባስ እግሯን ያጣምመዋል?

መልስ፦ ዎከሩን አትግዢ፤ መሄድ አያስተምርም፣ ይወድቃል፣ ምድጃ ጋም ያደርሳታል። አንቀልባውን ግን እሰይ! እግሯ ተከፍቶ ወገብሽን ካቀፈ ለዳሌዋ ደግ ነው። ዳሌን የሚጎዳው ሁለት እግሯን ገጥሞ ቀጥ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ነው።