በጣና ዳርቻ የሚታዩት ጥቃቅን ዓሣዎች የነጭ ዓሣ ጫጩቶች ናቸውን?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በጣና ዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ ከጣት የማይረዝሙ ብርማ ዓሣዎች በመንጋ ሲዋኙ አያለሁ፤ የሰፈራችን ልጆችም በአሮጌ አጎበር ያጠምዷቸዋል። ሰዎች «የነጭ ዓሣ ጫጩቶች ናቸው» ይላሉ። ሆዳቸው የተነፋ አንዳንዶቹ ሲከፈቱ ደግሞ ነጭና ጠፍጣፋ ትል ይገኝባቸዋል። ምን ዓይነት ዓሣዎች እንደሆኑና ለሐይቁ ምን እንደሚጠቅሙ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባዩት መንጋ ውስጥ የነጭ ዓሣ ጫጩቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ትንሽ ሆነው የሚኖሩ፣ ኢንተሮሚየስ በሚባለው ወገን የሚመደቡ ዓሣዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። በጣና ሦስት ዓይነት አሉ። ኢንተሮሚየስ ሁሚሊስ በዳርቻውና በሐይቁ ግርጌ አካባቢ ይገኛል፤ ኢንተሮሚየስ ፕሉሮግራማ ሣርና ረግረግ ያለበትን ጥልቀት የሌለው ውኃ ይመርጣል፤ ኢንተሮሚየስ ታናፔላጊየስ ደግሞ የሰፊው ውኃ ነዋሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ1902 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲታወቁ፣ ሦስተኛው ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የተገለጸው ግን በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

ከጫጩት ለመለየት ሁለት መንገዶችን እንመክርዎታለን። ጣት የምታህል ዓሣ ስትከፈት የዳበረ እንቁላል ከተገኘባት ለአካለ መጠን የደረሰች ናት ማለት ነው፤ በዚህ መጠን ያለ የነጭ ዓሣ ጫጩት እንቁላል አይዝም። ይበልጥ አስተማማኙ ግን ቅርፊቱ ነው። ከጎኗ አንድ ቅርፊት ነቅለው በብርሃን ፊት በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱት፣ መስመሮቹ ጎን ለጎን ተከታትለው ከሄዱ የነጭ ዓሣ ጫጩት ናት፤ ከመካከል ተነሥተው ወደ ዳር ከተበታተኑ ግን ከትንንሾቹ ወገን ናት።

ጥቅማቸውን በተመለከተ፣ እነዚህ ዓሣዎች ባይኖሩ ጣና ዛሬ የምናውቀው ሐይቅ አይሆንም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በተለይ ታናፔላጊየስ የሚመገበው ዙፕላንክተን የሚባሉትን፣ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ነው፤ ትልልቅ ዓሣ በል ዓሣዎች ሊጠቀሙበት የማይችሉትን ይህን ምግብ ወደ ሥጋ ለውጦ ያቀርብላቸዋል። በሐይቁ ከሚኖሩት 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ነጭ ዓሣ በሚመደብበት፣ መንጋጋቸው ጥርስ በሌለው የዓሣ ቤተሰብ ዘንድ ይህ እጅግ ብርቅ ነገር ሲሆን፣ ዋና ምግባቸውም እነዚሁ ትንንሽ ዓሣዎች ናቸው። አምባዛና የውኃ ወፎችም ይመገቧቸዋል።

ያዩት ትል ሊጉላ የሚባለው ሊሆን ይችላል። የትሉ እንቁላል ከዓሣ በል ወፎች ኩስ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የተፈለፈለውን ዙፕላንክተን ይውጠዋል፣ ያንን ደግሞ ዓሣዋ ትበላዋለች፤ ትሉም በሆዷ ክፍተት ውስጥ እያደገ የመራቢያ አካሏን እድገት ያቀጭጫል፣ በመጨረሻም ዓሣዋን ወፍ ሲበላት በወፉ አንጀት ውስጥ ለአካለ መጠን ይደርሳል። ጥቂት የታመሙ ዓሣዎች መታየታቸው ሐይቁ ተበክሏል ማለት አይደለም።

ከትሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን አጎበሩ ነው። የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ በመጠመዳቸው ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል፤ ቀዳዳው እጅግ ጠባብ የሆነ አጎበር ደግሞ በዳርቻው ከትንንሾቹ ዓሣዎች ጋር ተቀላቅለው የሚያድጉትን ጫጩቶች ሳይለይ ጠርጎ ያወጣል። ስለዚህ ልጆቹ አጎበሩን ትተው በመንጠቆ እንዲያጠምዱ ቢመክሯቸው እንወዳለን።