መልስ፦ እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት፤ የካውንስል ታክስ ይቀነስልናል ወይ?

እህቴ፣ እናትሽ ለንደን ከአንቺ ጋር ብቻ የሚኖሩ ከሆነ፣ አዎ፣ ካውንስል ታክሱ (ለአካባቢው አስተዳደር ማለትም ለካውንስሉ የሚከፈለው የመኖሪያ ቤት ግብር) ሊቀነስላችሁ ይችላል። በእንግሊዝ ሕግ የአእምሮ ጉዳቱ ከባድና ዘላቂ መሆኑን ሐኪም ያረጋገጠለት ሰው ለካውንስል ታክስ ሲባል ከአዋቂዎች ቁጥር ይወጣል። አንቺ ብቻሽን እንደምትኖሪ ይታይና 25 በመቶ ይቀነሳል። እናትሽ ብቻቸውን ቢኖሩ ኖሮ ጭራሽ አይከፍሉም ነበር። ከእሳቸው ሌላ ሁለት የሚቆጠሩ አዋቂዎች ካሉ ግን በዚህ መንገድ ቅናሽ የለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የሐኪም ወረቀት ብቻ ይዞ ሲቀርብ ነው። ሕጉ ከዘረዘራቸው ድጎማዎች አንዱም ሊፈቀድላቸው ይገባል፤ በጡረታ ዕድሜ ላሉ አብዛኛውን ጊዜ አቴንዳንስ አላዋንስ (በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው አረጋውያን መንግሥት የሚከፍለው ድጎማ) ነው። ከሌላቸው መጀመሪያ እሱን አመልክቺ። ገቢና ቁጠባ አይታይበትም፣ ስለዚህ «ትንሽ ገንዘብ አላቸው» ብለሽ እንዳትተዪው። ቀጥሎ ቅጹን ከካውንስሉ ወስደሽ የሐኪሙን ክፍል ጂፒያቸው (የተመዘገቡበት የሠፈር ሐኪም) ይሙላው (ለዚህ ፊርማ ክፍያ መጠየቅ የለባቸውም)፤ የድጎማውን ደብዳቤ ቅጂ አያይዢ።

በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የምትንከባከቢያቸው ከሆነ ደግሞ አንቺም ከቁጥሩ ልትወጪ ትችያለሽ፤ ያኔ ቅናሹ 50 በመቶ ይሆናል። እባክሽ ይህንን አትዝለዪው፤ ለብቻው ይጠየቃል። ባል ለሚስቱ ወይም ሚስት ለባሏ ግን አይሠራም።

ሐኪሙ ጉዳቱ የጀመረበትን ቀን ይጻፍ። ሁለቱም መስፈርቶች (የሐኪሙ ማረጋገጫና ድጎማው) ከተሟሉበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲታሰብልሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉ ለቫልዩኤሽን ትሪቡናል (የካውንስል ታክስ ክርክሮችን ለሚያይ ገለልተኛ ፍርድ ሰጪ አካል) ይግባኝ ማለት ትችያለሽ።