ከሰዓት ጋር መወዳደር ይቅደም

«የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስመረቅ ሞተር ስፖርት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፤ በሹፌርነት ይሁን በመሐንዲስነት ግን ገና አልቆረጥኩም። ለጀማሪ የሚሆነው የትኛው ዓይነት ውድድር ነው? ቤተሰቦቼም አደጋውን ይፈራሉ» ብለሽ ለጻፍሽልኝ ተማሪ።

እህቴ፣ ሐቁን አስቀድሜ ልንገርሽ። በሹፌርነት እንጀራቸውን የሚበሉት አብዛኞቹ ካርት (ትንሿ የውድድር መኪና) ላይ የወጡት ገና በልጅነታቸው ነው፤ የፎርሙላ ዋኑ ሉዊስ ሃሚልተን መወዳደር የጀመረው በ8 ዓመቱ ነበር። በአንቺ ዕድሜ ያ በር በጣም ጠቧል። የመሐንዲሱ፣ የመካኒኩና የውድድር አዘጋጁ በር ግን ክፍት ነው፤ እዚያም ቢሆን ራሱ መሪ ጨብጦ የተወዳደረ ሰው ሹፌሩ የሚነግረውን ቶሎ ይረዳል። ስለዚህ ግቢበት፤ የምትገቢው ግን ለመማር ይሁን።

መጀመሪያ የምመክርሽ አውቶክሮስ ነው። ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ኮን ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል፤ መኪኖች ተራ በተራ ይገባሉ፤ ተፎካካሪሽ ሰዓት ነው። አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ፍተሻ ካለፈች በየቀኑ የምትነጂያት መኪና ትበቃለች። በአሜሪካው የስፖርት መኪና ክለብ፣ በኤስሲሲኤ፣ ደንብ አንድ ኮን የመታ ሰው ሰዓቱ ላይ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል፤ ተወዳዳሪዎች በሰከንድ ክፍልፋይ በሚበላለጡበት ውድድር ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ጀማሪ የሚቸገረው ከእግሩ ይልቅ በዓይኑ ነው። አጠገቡ ያለውን ኮን እያየ ሲነዳ እጁ ይዘገያል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ኩርባ ማየት ሲለምድ መሪው ይለዝባል።

ለመሐንዲስ ግን ትልቁ ትምህርት በዙር መካከል ነው። የጎማውን ንፋስ ለክተሽ ጻፊ፣ ትንሽ ቀንሺ፣ ግቢ፣ የመኪናዋን ጠባይና ሰዓቱን መዝግቢ። ሌላ ምንም አትንኪ፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ደግሞ ጀማሪ በየዙሩ ራሱ ስለሚሻሻል በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ንፋስ መልሰሽ ፈትሺ። ሰዓቱ ያኔም ካጠረ፣ የተሻሻልሽው አንቺ እንጂ መኪናዋ አይደለችም። በዚህ መንገድ የተያዘ ደብተር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዘሽ ብትቀርቢ፣ በእኔ ሚዛን ከጥሩ ውጤት ጋር እኩል ነው።

ቀጥሎ ትራክ ዴይ የሚባለው ይመጣል። ይህ ውድድር አይደለም፤ በእውነተኛ የውድድር መንገድ ላይ መንዳት የሚለማመዱበት ቀን ነው። በጀማሪዎች ምድብ መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ፣ የፊተኛው ሹፌር በእጁ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ብዙ አዘጋጆችም አስተማሪ አጠገብሽ ያስቀምጣሉ። ከመሄድሽ በፊት የፍሬን ዘይቱን አስቀይሪ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ከፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ኢንሹራንስሽንም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙ ውሎች የትራክ ጉዳትን አይሸፍኑም።

መንዳቱ ካላጓጓሽ የናቪጌተር፣ ማለትም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱንና ሰዓቱን የሚነግረው ሰው፣ ወንበር አለ። በሕጋዊ ፍጥነት፣ ለትራፊክ ክፍት በሆነ መንገድ የሚካሄድ የሰዓት ራሊ ቀድሞ መድረስንም ዘግይቶ መድረስንም ይቀጣል፤ ስሌት ለሚወድ ሰው የተሠራ ነው። ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን ወደ ራሊ የገባችው በናቪጌተርነት ነበር፤ ኋላ ራሷ መሪ ጨብጣ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጣሊያኑን የሳንሬሞ ራሊ አሸነፈች፣ በ1982 ደግሞ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣች።

ድራግ ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ የሚታይበት ውድድር ነው፤ አንዴ ሞክሪው። ጎን ለጎን የሚነዳበትን እውነተኛ ውድድር ግን ለጊዜው ተዪው፤ ብዙውን ጊዜ ፈቃድ፣ የብረት መከላከያ ፍሬምና እሳት የሚቋቋም ልብስ ይጠይቃል።

ዩኒቨርሲቲሽ የፎርሙላ ኤስኤኢ ቡድን ካለው ግን ሳትውይ ሳታድሪ ተመዝገቢ። ከ1981 ጀምሮ ተማሪዎች አንድ መኪና ነድፈው፣ ሠርተው፣ ነድተው የሚወዳደሩበት ነው፤ ዳኞቹ ስለ ዲዛይኑና ስለ ወጪውም ያፋጥጣሉ። መሐንዲስ ለመሆን ካሰብሽ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

መኪና ከሌለሽ ማርሻል፣ ማለትም በውድድር መንገዱ ዳር ቆሞ ደህንነትን የሚጠብቅ ሰው፣ ሁኚ። ብዙ አዘጋጆች ፈቃደኛ ይፈልጋሉ፤ የባንዲራ ምልክቶችን፣ የሬዲዮ ንግግርንና አደጋ ሲደርስ ማን ምን እንደሚሠራ በነፃ ትማሪያለሽ።

ቤተሰቦችሽን ለማሳመን ከመከራከር ይልቅ አንድ የአውቶክሮስ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ፍተሻውንና ሄልሜቱን በዓይናቸው ይዩ። ከመመዝገብሽ በፊት አዘጋጁን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ሄልሜት ያውሳሉ ወይ፣ ሁለት ሰው በአንድ መኪና መወዳደር ይችላል ወይ፣ ለጀማሪ አስተማሪ ይመድባሉ ወይ። ለሦስተኛው መልሳቸው «አይ» ከሆነ ሌላ አዘጋጅ ፈልጊ።