የኦይስተር ክምሮችን መልሶ ስለ ማቋቋም ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ ኦይስተር ወደ ጠፋበት ባሕር ግልገሎቹን መልሶ መበተን ብቻ ለምን እንደማይበቃ ጠይቀዋል። ዋናው ምክንያት ይህ ባለዛጎል እንስሳ የሚኖረው በቀደምቶቹ ዛጎል ላይ ተጣብቆ መሆኑ ነው፤ እጭ የሆነው ግልገሉ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት ያህል በውኃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ከቆየ በኋላ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ካላገኘ ይሞታል። በአሜሪካ በሚገኘው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አጥማጆች በብረት መጎተቻ እንስሳውን ብቻ ሳይሆን መቆሚያው የሆነውን የዛጎል ክምር ጭምር ጠርገው አወጡ፤ በኋላም ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው ደለልና ኤምኤስኤክስ እና ደርሞ የተባሉት በሽታዎች የተረፈውን አመነመኑት።

ስለዚህ በሜሪላንድ ግዛት የዚሁ ባሕረ ሰላጤ ክፍል በሆነው በሃሪስ ክሪክ የተከናወነው ሥራ ከወለሉ ጀመረ። ቦታው በ2010 እ.ኤ.አ. ለንግድ ከሚደረግ ማጥመድ ተከለለ፤ ይህ እርምጃ ባይቀድም ኖሮ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያም ወለሉ በተራቆተበት ስፍራ ድንጋይና ዛጎል ተነጠፈ፤ በማራቢያ ጣቢያ ዛጎል ላይ እንዲጣበቁ የተደረጉ ከ2 ቢሊዮን የሚበልጡ ግልገሎችም እስከ 2015 ድረስ 140 ሄክታር ገደማ በሚሆን ቦታ ላይ ተዘሩ። አሮጌው ክምር በከፊል በተረፈበት ስፍራ ግን፣ እርስዎ እንዳሰቡት፣ ንጣፍ ሳይጨመር ግልገሎቹ ብቻ ተበትነዋል።

ትልቁ ችግር የዛጎል እጥረት ነው። በዚህም ምክንያት በአካባቢው ካሉ ምግብ ቤቶች ዛጎል እየተሰበሰበ፣ ታጥቦና ለወራት ፀሐይ ላይ ቆይቶ፣ ለአዲሶቹ ግልገሎች መጣበቂያ ይሆናል።