የተቸገሩ የመኪና ፋብሪካዎች ይዋሃዱ? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ካምቢዮ ጋር

የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ «ለምን አይዋሃዱም?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ዕድሜያቸውን በመኪና ምርት ዕቅድ ላይ ያሳለፉት ጋሽ ካምቢዮ ሊመልሱልን ፈቃደኛ ሆነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጋሽ ካምቢዮ፦ እሺ፣ ጠይቁ። «የትኛውን መኪና ልግዛ?» የሚል ካለ ግን ከአሁኑ ይተወው።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ሁለት የከሰሩ ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ወጪያቸው አይቀንስም እንዴ?

ጋሽ ካምቢዮ፦ ይቀንሳል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። መኪና ተሸጠ አልተሸጠ የፋብሪካው፣ የማሽኑና የመሐንዲሱ ወጪ አለ። ስለዚህ ሽያጭ ሲወርድ ጥሬ ገንዘቡ በወራት ይሟጠጣል። ከውህደት የሚገኘው ቁጠባ ደግሞ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2008 መጨረሻ የአሜሪካዎቹ ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) እና ክራይስለር ለመዋሃድ ሲነጋገሩ ነበር። ኖቬምበር ላይ ጂኤም «ቅድሚያ የምሰጠው ለጥሬ ገንዘቤ ነው» ብሎ ንግግሩን አቆመ። ክራይስለር ኤፕሪል 30 ቀን 2009፣ ጂኤም ደግሞ ጁን 1 ላይ የኪሳራ ማመልከቻ አስገቡ። በዚያ ሰዓት ቢዋሃዱ ኖሮ አንድ ትልቅ ኪሳራ ይሆን ነበር። መጀመሪያ ጥሬ ገንዘቡን ቁጠሩ።

ፒስተን፦ ግን ሻንሲ (መኪናው የሚሠራበትን መሠረት) እና ሞተር ቢጋሩ ወዲያው አይቆጥቡም?

ጋሽ ካምቢዮ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «ወዲያው» የሚለውን ቃል ግን ሰርዘው። ስለ አንድ በር ብቻ እናውራ። የበሩ ላሜራ ቅርጹን የሚያገኘው በግዙፍ ፕሬስ ሥር ባለ የብረት ፎርማ ነው። ፎርማው ለዚያች መኪና ብቻ ነው የተሠራው። በሩ ውስጥ የመስታወት ማንሻው፣ የጎን ግጭት የሚከላከለው ብረት፣ የሽቦው ማለፊያ ቀዳዳ፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ማጠፊያው በጥቂት ሚሊሜትር ከተለየ በሩ አይገጥምም። ዛሬ የተዋሃዱ ሁለት ኩባንያዎች ነገ ጠዋት አንድ በር እንኳ አይዋዋሱም። ሻንሲ ለመጋራት ቀጣዩን ሞዴል መጠበቅ አለባቸው። እሱም ከወረቀት ተነስቶ ማምረቻ መስመር ላይ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል። የግጭት ፈተናው አለ፣ የፍሬን ፈተናው አለ፣ ከዕቃ አቅራቢዎች ጋር ያለው ውል አለ።

ምሳሌ ልስጥህ። መርሴዲስን የሚሠራው የጀርመኑ ዳይምለርና ክራይስለር የተዋሃዱት በ1998 ነው፣ ያውም ገበያው ሞቅ ባለበት ጊዜ። በመርሴዲስ ኤስኤልኬ ሻንሲ ላይ የተሠራው ክራይስለር ክሮስፋየር ገበያ የወጣው በ2003 ነው። ከኢ-ክላስ የኋላ እግሩንና ካምቢዮውን የወሰደው ክራይስለር 300 ደግሞ በ2004 ተከተለ። ጥሩ መኪና ነው፣ አልክድም። ግን አስላው፤ አምስት ስድስት ዓመት! በድቀት መሃል ማን ነው ይህን ያህል የሚቆየው?

ነጂው፦ እነሱን ያፈረሳቸው የባህል ልዩነት ነው። ጀርመንና አሜሪካ እንዴት ይግባባሉ?

ፒስተን፦ ባህል ምን አገባው? ዋጋው ነው። ጀርመኖቹ 36 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትን ክራይስለርን በ2007 ሰማንያ በመቶውን በ7.4 ቢሊዮን ሸጡት።

ነጂው፦ በርካሽ የሸጡት ስላልተግባቡ ነዋ!

ጋሽ ካምቢዮ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ቀጣይ።

ቀዩ ቮልስ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አውቶ ዩኒየን ግን ተሳክቶለታል። በ1932 በዚያ ሁሉ ድቀት መሃል አውዲ፣ ሆርክ፣ ዲካቬና ዋንደረር ተዋሃዱ። የአውዲ አራት ቀለበቶች እኮ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ጋሽ ካምቢዮ፦ ጎበዝ፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ውህደቱን የገፋው አበዳሪው የሳክሶኒ (የጀርመን ክፍለ ግዛት) መንግሥት ባንክ ነበር፤ ገንዘቡ ከጀርባ ነበረ። ሁለተኛ፣ መኪናዎቹ አይሻሙም ነበር። ዲካቬ ትናንሽ መኪናና ሞተር ብስክሌት፣ ዋንደረር መካከለኛ፣ አውዲ ከዚያ ከፍ ያለ፣ ሆርክ የቅንጦት። አሁን በ1968 በውህደት የተፈጠረውን የእንግሊዙን ብሪቲሽ ሌይላንድን እየው፤ ሮቨርና ትራየምፍ ሁለቱም በሥሩ ገቡ። ሮቨር 2000 እና ትራየምፍ 2000 ሁለቱም በ1963 የወጡ፣ ለአንድ ዓይነት ገዢ የተሠሩ መኪናዎች ናቸው። ከውህደቱ በኋላም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው እርስ በርስ ገበያ ሲሻሙ ኖሩ። ማንንም ላለማስቀየም ሁሉንም ያዙ፣ የሚዘጋውን በጊዜ አልዘጉም። በ1975 መንግሥት ወረሰው። የሚዘጋው ፋብሪካ ስም ከፊርማው በፊት ካልተጻፈ ውህደቱ ወረቀት ነው።

ሰላማዊት፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናስ ምን ይላሉ?

ጋሽ ካምቢዮ፦ ምኑን? ጥያቄሽን ለይተሽ አምጪ።

ነጂው፦ ሬኖ ኒሳንን አድኖታል ግን። ይሄስ?

ጋሽ ካምቢዮ፦ እሱ ውህደት አይደለም! ሬኖ በ1999 የ36.8 በመቶ ድርሻ ገዛ፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ገባ። ከዚያ አምስት ፋብሪካ እንዲዘጋና 21,000 የሥራ ቦታ እንዲቀነስ ታቀደ። ኒሳን ግን ኒሳን ሆኖ ቀጠለ። የገንዘቡንና የመዝጋቱን ነገር ከላይ ብያለሁ።

ፒስተን፦ ያ ሬኖ ወደ ኒሳን የላከው ሥራ አስኪያጅ፣ ካርሎስ ጎን፣ በ2019 መጨረሻ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከጃፓን የሾለከው አይደል? ሃሃ።

ቀዩ ቮልስ፦ የድምፅ ዕቃ ሳጥን ነው ተባለ እኮ። እንዴት እንደተነፈሰ ነው የገረመኝ።

ነጂው፦ ቀዳዳ ነበረው።

ጋሽ ካምቢዮ፦ ስለ ሳጥን የምታወሩ ከሆነ እኔ ልሂድ።

ብሩክ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ሁለት የከሰሩ ሲዋሃዱ ወጪ አይቀንስም?

ጋሽ ካምቢዮ፦ ሰናይት ጠይቃዋለች፣ መልሻለሁ። ከላይ አንብብ።

ሰናይት፦ የመጨረሻ ጥያቄ፤ ሆንዳና ኒሳን ለምን አልሆነላቸውም?

ጋሽ ካምቢዮ፦ ንግግሩን በዲሴምበር 2024 ጀመሩ፣ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ተዉት። ሆንዳ ኒሳንን በሥሩ ያለ ኩባንያ ሊያደርገው ፈለገ፣ ኒሳን እምቢ አለ። ሆንዳ ላይ አልፈርድም፤ ፋብሪካ ለመዝጋት የሚወስን አንድ ሰው ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ኒሳን ራሱ 20,000 የሥራ ቦታ እንደሚቀንስና ፋብሪካዎቹን ከ17 ወደ 10 እንደሚያወርድ አስታወቀ። ውህደቱ ቀረ፣ መዝጋቱ ግን አልቀረም።