ጥያቄና መልስ፦ «ምክንያቱም» የጎደለው የሐኪም ደብዳቤ

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ወገኖቻችንና ቤተሰቦቻቸው ከላኩልኝ ጥያቄዎች መካከል የዛሬዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ። ቪኤ ከምንለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት ካሳ ሲጠየቅ የሐኪም አስተያየት ምን ይመስላል?

«በአገልግሎት ላይ ሳለሁ እ.ኤ.አ. በ2011 ከጭነት መኪና ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ተጎዳ። የታወቀ የአጥንት ሐኪም ‹ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል› ብሎ ጻፈልኝ። ጥያቄዬ ግን ውድቅ ሆነ። ምን ጎደለ?»

«ሊያያዝ ይችላል» ያለ ሰው «ላይያያዝም ይችላል» ብሏል። የሐኪሙ ዝና ይህን አይሸፍነውም።

ቪኤ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ዛሬ በምርመራ የተረጋገጠ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ጉዳት ወይም ክስተት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ። በሦስተኛው ላይ ሐኪሙ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅበትም። ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ ሃምሳ በመቶ ከሆነ ይበቃል፤ ሚዛኑ እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለአመልካቹ ይፈረዳል። በእንግሊዝኛ የተለመደው አነጋገር «አት ሊስት አዝ ላይክሊ አዝ ኖት» ነው፤ ሐኪምዎ ይህን ይጠቀም።

ቃሉ ብቻውን ግን አያድንም። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ኒቬስ ሮድሪጌዝ በተባለው መዝገብ እንዳለው፣ የሕክምና አስተያየት ክብደት የሚያገኘው ከሚሰጠው ምክንያት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ «ምክንያቱም» የሚል ቃል ፈልጉ። በእርስዎ ጉዳይ ለምሳሌ እንዲህ ይጻፍ፦

«የአገልግሎት ዘመኑን የሕክምና መዝገብ አንብቤያለሁ። በመጋቢት 2011 ቀኝ ጉልበቱ አብጦ ለሁለት ሳምንት ከሩጫ ታግዷል። በ2014 እና በ2019 ለዚሁ ጉልበት ታክሟል። የዛሬው ራጅ በቀኙ መገጣጠሚያ ላይ መበላት ያሳያል፤ ግራው ደህና ነው። ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ ሃምሳ በመቶ ነው፤ ምክንያቱም መንስኤው ዕድሜና ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግራውም ተመሳሳይ ጉዳት ሊያሳይ ይገባ ነበር።»

ያ ግራ ጉልበት ከማዕረግና ከማኅተም ይበልጣል። ሐኪሙ እንዲህ ሊጽፍ የሚችለው ግን መዝገቡ ፊቱ ካለ ነው። በኛ ዘንድ ሐኪምን ማስቸገር ነውር ስለሚመስል ባዶ እጃችንን ሄደን የተሰጠንን ወረቀት አመስግነን እንወጣለን። ይልቅስ የአገልግሎት የሕክምና መዝገብዎን፣ ከዚያ ወዲህ የታከሙበትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውድቅ የተደረገበትን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። የቪኤ መርማሪ ሐኪም ለምን «አይያያዝም» እንዳለ እዚያ ተጽፏል፤ ሐኪምዎ ለዚያው መልስ ይስጥ። አዲሱን ደብዳቤ ከውሳኔው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከተጨማሪ ማስረጃ ማመልከቻ ጋር ካስገቡና ከተሳካልዎ፣ ካሳው የሚቆጠርበት የመጀመሪያው ቀን አይጠፋብዎትም።

«ጥሩ ደብዳቤ አለኝ። ቪኤ የቀጠረልኝን ምርመራ ብተወውስ?»

አይተዉት። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ጥያቄው የመጀመሪያው ከሆነ ባለው ወረቀት ብቻ ይወሰናል፤ የካሳ ጭማሪ ወይም የተጨማሪ ማስረጃ ማመልከቻ ከሆነ ደግሞ ውድቅ ሊደረግበት ይችላል። ሌላው አደጋ የኛው ሰላምታ ነው። መርማሪው «እንዴት ነህ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን፤ እርሱም «ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይመዘግባል። እግዚአብሔርን ያመስግኑ፤ ቀጥለው ግን ደረጃ መውረድ የሚያቅትዎትን ቀን ይንገሩት።

«ጂቡቲ በካምፕ ሌሞኒየር እ.ኤ.አ. በ2009 አገልግያለሁ። ከጦሩ ከወጣሁ በኋላ አስም ተገኘብኝ። የሐኪም ደብዳቤ በብዙ ገንዘብ ላስጽፍ ነው።»

ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት አክት የተባለው ሕግ፣ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ ጂቡቲን ጨምሮ በተዘረዘሩ አገሮች ያገለገለ ሰው ከአገልግሎት በኋላ አስም ከተገኘበት መንስኤው አገልግሎቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይገምታል። የሚያስፈልገው የአስሙ የምርመራ ውጤትና እዚያ እንደነበሩ የሚያሳይ የአገልግሎት ወረቀት ነው።

«ባለቤቴ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። በጦሩ መዝገብ ምንም የለም፤ እርሱም ስለዚያ ጊዜ አያወራም። እኔ ልጽፍለት እችላለሁ?»

ይችላሉ እኅቴ። ለምስክሮች የተዘጋጀው ቅጽ 21-10210 ነው። ነገር ግን «የአእምሮ ጭንቀት አለበት» ብለው አይጻፉ፤ የሕመሙን ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው። ያዩትን ይጻፉ፦ በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚነሣ፣ በሩን ስንት ጊዜ እየተመለሰ እንደሚፈትሽ፣ ሠርግ ቤት ለምን ግድግዳውን ተደግፎ እንደሚቀመጥ፣ ከመዝመቱ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ። የጽሑፉን ግልባጭ የሥነ ልቦና ባለሙያው እንዲያነበው ይስጡት። መዝገብ አለመኖሩ ብቻውን የዓይን ምስክርን ለመጣል በቂ ምክንያት አይደለም።

«አንድ ሰው ደብዳቤውንም ማመልከቻውንም እኔ ልጨርስልህ፣ ከሚመጣው ካሳ ድርሻ ትሰጠኛለህ አለኝ።»

እንዳትፈርም። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ክፍያ መጠየቅ በሕግ ክልክል ነው፤ ከቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የሚመደቡት እውቅና ያላቸው ወኪሎች ያለ ክፍያ ይሠሩልሃል። ሐኪም ለጊዜው ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዋጋው ግን አስቀድሞ የታወቀ፣ ብትረታም ባትረታም የማይለወጥ ይሁን። ከካሳህ ድርሻ ያለው ሐኪም የጻፈውን ደብዳቤ ጥያቄህን የሚወስነው የቪኤ ሠራተኛ በምን ዓይን እንደሚያየው አንተው ገምት።