ቁልፉ ጊት ውስጥ ገብቷል፤ ፋይሉን መሰረዝ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን በኤደብሊውኤስ ክላውድ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር እየገነባን ነው። አንዱ ባልደረባችን ሳያስተውል አክሰስ ኪይ (ወደ ኤደብሊውኤስ አካውንታችን የሚያስገባ ቁልፍ) ያለበትን የኤንቭ ፋይል (የሶፍትዌሩ ቅንብርና ምስጢር የሚጻፍበት) ጊትሃብ ላይ ፑሽ አደረገው (ላከው)። ፋይሉን ሰርዘን አዲስ ኮሚት (የለውጥ ምዝገባ) ጨምረናል፤ ሪፖውም (የኮዱ ማከማቻ) ፕራይቬት ነው። ይህ ይበቃል? ወይስ ጊትን ትተን ሌላውን የኮድ ታሪክ መያዣ፣ ሰብቨርዥንን፣ ብንይዝ ይሻላል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ቁልፉን ዛሬውኑ ቀይሩ። ጊት እያንዳንዱን ኮሚት ከነታሪኩ ስለሚያስቀምጥ የሰረዛችሁት ፋይል በቀደመው ኮሚት ውስጥ እንዳለ ነው። ሪፖውን ክሎን ያደረገ (ወደ ኮምፒውተሩ የገለበጠ) ሁሉ ቅጂው በእጁ አለ።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ብዙዎች መጀመሪያ ታሪኩን ለማጽዳት ይሯሯጣሉ፤ ቁልፉ ግን እስከዚያ ይሠራል። ኤደብሊውኤስ ለአንድ የአይኤኤም (የተጠቃሚዎችና የፈቃድ ማስተዳደሪያው) ተጠቃሚ ሁለት አክሰስ ኪይ ይፈቅዳል። አዲሱን ፍጠሩ፣ ሶፍትዌሩን ወደ እሱ አዙሩ፣ አሮጌውን ዲአክቲቬት አድርጉ፤ የተቋረጠ ነገር ከሌለ ሰርዙት። ሪፖው ለሕዝብ ክፍት ቢሆን ኖሮ አገልግሎቱ ቢቋረጥም አሮጌውን ቀድሞ መዝጋት ያስፈልግ ነበር፤ ክፍት ሪፖዎችን የሚያስሱ ቦቶች ቁልፍ ለማግኘት ደቂቃዎች ይበቃቸዋል። ቀጥሎ ክላውድትሬይል (በአካውንቱ ማን ምን እንዳደረገ የሚመዘግበው የኤደብሊውኤስ አገልግሎት) ላይ ያለፉትን 90 ቀናት እንቅስቃሴ ፈትሹ፤ የማትጠቀሙባቸውን ሪጅኖች (የኤደብሊውኤስ ሰርቨሮች ያሉባቸውን አካባቢዎች) ጭምር አንድ በአንድ እዩ፤ ሰርጎ ገብ ሰርቨር የሚያስነሳው ማንም በማያየው ሪጅን ሊሆን ይችላል። በፋይሉ ውስጥ የዳታቤዝ ፓስዎርድ ካለም ይቀየር።

ታሪኩን ጊት ፊልተር ሪፖ በሚባለው መሣሪያ ማጽዳት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። የኮሚት መለያዎቹ ስለሚለወጡ ሦስታችሁም አሮጌውን ቅጂ አጥፍታችሁ እንደገና ክሎን አድርጉ። አንዳችሁ ከአሮጌው ላይ ፑሽ ካደረጋችሁ ቁልፉ ተመልሶ ይገባል።

በ«ፕራይቬት ነው» አትጽናኑ። በ2016 ኡበር የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ የተወሰደበት፣ ሰርጎ ገቦች የኩባንያው ፕራይቬት ሪፖ ውስጥ የኤደብሊውኤስ ቁልፍ በማግኘታቸው ነው።

ሰብቨርዥንም ታሪክ ይይዛል፤ እንዲያውም ከእሱ አንድ ፋይል ነቅሎ ማውጣት ከጊት ይበልጥ አድካሚ ነው። የሚመረጠው ትልልቅ ባይነሪ ፋይሎች (እንደ ምስልና ቪዲዮ ያሉ) ሲበዙ ወይም ለእያንዳንዱ ፎልደር የተለየ ፈቃድ መስጠት ሲያስፈልግ ነው። ለእናንተ ጊት ይሻላል።

ለወደፊቱ የኤንቭ ፋይሉን ስም ጊትኢግኖር (ጊት እንዲተዋቸው የምትፈልጓቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ጻፉ። ጊት ቀድሞ የሚከታተለውን ፋይል ግን ጊትኢግኖር አያግደውም፤ መጀመሪያ በጊት አርኤም ትእዛዝ፣ ካሽድ የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ፣ ከክትትል አውጡት። ምስጢር ፈላጊውን ጊትሊክስን ፕሪ-ኮሚት ሁክ (ከኮሚት በፊት በራሱ የሚሠራ ፍተሻ) አድርጋችሁ ስትተክሉት ቁልፍ የመሰለ ነገር ሲያይ ኮሚቱን ያስቆማል። ሁክ ግን ከሪፖው ጋር አብሮ ክሎን ስለማይደረግ በሦስታችሁም ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት።

ከሁሉም የሚሻለው ቋሚ ቁልፍ ጨርሶ አለመያዝ ነው። ኢሲቱ ሰርቨራችሁ (ከኤደብሊውኤስ የተከራያችሁት) በአይኤኤም ሮል (ያለ ቋሚ ቁልፍ በሚሰጥ ፈቃድ) ይሥራ፤ ጊትሃብ አክሽንስም (ኮዱን በራሱ የሚፈትሽና የሚጭነው የጊትሃብ አገልግሎት) በኦአይዲሲ (ማንነትን ያለ ቋሚ ቁልፍ በሚያረጋግጥ ሥርዓት) በኩል ጊዜያዊ ፈቃድ ይውሰድ። ለቀሩት ምስጢሮች፣ የኤደብሊውኤስ ማከማቻ የሆነው ፓራሜተር ስቶር በስታንዳርድ ደረጃው የማከማቻ ክፍያ የለውም። ሌላው የኤደብሊውኤስ የምስጢር ማከማቻ፣ ሲክሬትስ ማናጀር፣ ለአንድ ምስጢር በወር 0.40 ዶላር ያስከፍላል፤ የዳታቤዝ ፓስዎርዱ በራሱ ጊዜ እንዲቀያየር ከፈለጋችሁ ለእሱ ብቻ ክፈሉ።